ከጠረጴዛ ጠረጴዛ፦ የሥራ ሂደት ማሻሻያ የሚሳካበትና የሚከሽፍበት ቦታ

ባለፉት ጥቂት ዓመታት አገልግሎትን የማቀላጠፍ ሥራ በመንግሥትም በግልም ተቋማት በርትቷል። የመሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተከፍቶ ወደ ክልሎች እየሰፋ ነው። ባንኮች፣ ፋብሪካዎችና አስመጪዎች ኢአርፒ የሚባለውን የተቀናጀ ሶፍትዌር እየገዙ ነው። ቴሌብር ስንት የመክፈያ ሰልፍ እንዳስቀረ ተገልጋይ ሁሉ ያውቀዋል። ሆኖም አዲስ ሕንፃ ወይም አዲስ ሶፍትዌር በገባበት ሁሉ ጉዳይ ቶሎ ያልቃል ማለት አይደለም። ድሮ «ፋይልህ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ነው» ይባል የነበረው፣ አሁን «ሲስተም ላይ አልጸደቀም» ወደሚል መልስ ብቻ የተቀየረባቸው ቢሮዎች ጥቂት አይደሉም።

በቢሮ ሥራ አብዛኛው ጊዜ የሚባክነው ጉዳዩ ከአንዱ ጠረጴዛ ተነስቶ ሌላው ጠረጴዛ ላይ እጅ እስኪነካው ባለው መሀል ነው። የማሻሻያ ፕሮጀክት ይህን መሀል ከለካና ከነካ ፍሬ ያፈራል። ሠራተኛው በየወንበሩ እንዲፈጥን ብቻ ከገፋፋ ግን ሰው ይደክማል፣ ተገልጋዩም እንደ ቀድሞው ይመላለሳል።

ሙከራው ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1990ዎቹ የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ ሲጀመር ቢፒአር የተባለው መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ ከፌዴራል እስከ ወረዳ ተዳርሷል። መምሪያዎች «ዋና» እና «ደጋፊ» የሥራ ሂደት ተብለው ተዋቀሩ፤ የሥራ ሂደት ባለቤት የሚባል ኃላፊነትም ተፈጠረ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ አንዳንድ ቦታ ቀናት የሚወስደው ጉዳይ ወደ ሰዓታት ወርዷል። ብዙ ቦታ የጎደለው ሁለት ነገር ነው። ለውጡ ሁሉን በአንድ ጊዜ ማፍረስ ፈለገ፤ ከለውጡ በፊት ጉዳዩ ስንት ቀን ይፈጅ እንደነበርም አልተመዘገበም። መነሻው ያልተለካ ለውጥ ተሳክቷል ወይስ ከሽፏል ብሎ መከራከር አይቻልም። ቀጥሎ ካይዘን የተባለው፣ አሠራርን በትንሽ በትንሹ ያለማቋረጥ የማሻሻል የጃፓኖች ዘዴ መጣ። ከጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ድርጅት (ጃይካ) ጋር እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በ30 ድርጅቶች ተሞክሮ፣ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ከማጣራት ጀምሮ እስከ ማዝለቅ ያሉት አምስቱ «ማ»ዎች፣ ማለትም የሥራ ቦታን የማስተካከያ አምስት እርምጃዎች፣ ብክነት በዓይን በሚታይበት የፋብሪካ ወለል ላይ ጥሩ ይሠራሉ። የቢሮ ብክነት ግን መሳቢያ ውስጥ ወይም ኮምፒውተር ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ ጠረጴዛው ንጹሕ ሆኖ ወረፋው ሊከማች ይችላል።

አንድ ግዥ በቅርብ ሲታይ

ግዥን እንውሰድ፤ ግዥ የሌለው ተቋም የለም፣ ብሶቱም ብዙ ነው። የአንድ መካከለኛ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ለውኃ ፓምፕ ኩሽኔታ ፈለገ እንበል። የዕቃ ጥያቄ ሞልቶ ማስፈረም 20 ደቂቃ ይወስዳል። ግምጃ ቤት «ዕቃው የለም» ብሎ ለማረጋገጥ 15 ደቂቃ፣ ፋይናንስ በጀት መኖሩን ለማየት 20 ደቂቃ ይፈልጋሉ። ገዥው ሦስት ፕሮፎርማ (የሻጭ የዋጋ ማቅረቢያ) ለማሰባሰብ አንድ ሙሉ ቀን ይዞራል፤ ማወዳደሪያውን ለማዘጋጀት 2 ሰዓት፣ የግዥ ኮሚቴ ለመወሰን ግማሽ ሰዓት፣ ሥራ አስኪያጁ ለማጽደቅ 10 ደቂቃ ይበቃቸዋል። የክፍያ ሰነድ 45 ደቂቃ፣ የቼክ ፊርማ 5 ደቂቃ ነው። ገዥው ዕቃውን ለማንሳት 4 ሰዓት፣ ጥገና ክፍልና ግምጃ ቤት ፈትሸው ገቢ ለማድረግ 1 ሰዓት ይወስዳሉ፤ በመንግሥት ቤት የዕቃ ገቢ ደረሰኙ፣ ሞዴል 19፣ የሚቆረጠው እዚህ ላይ ነው።

ይህ ሁሉ ሲደመር 17 ሰዓት ተኩል አይሞላም፤ ከሁለት የሥራ ቀን ጥቂት ያልፋል። ይኸው ግዥ 26 የሥራ ቀን ፈጀ ብንል፣ ማለትም 208 የሥራ ሰዓት፣ ከመቶ 92 እጁ የሚሆነው ጊዜ ማንም ምንም ሳይሠራበት ያለፈ ነው። ሠራተኞቹ ሁሉ በእጥፍ ቢፈጥኑ የሚተርፈው አንድ ቀን ብቻ ነው። መሀሉን በግማሽ መቀነስ ግን 12 ቀን ያተርፋል።

የመሀሉ ጊዜ ደግሞ ራሱን የሚያባዛበት መንገድ አለው። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የሚሸጡ ነጋዴዎች ዋጋቸውን ለረጅም ጊዜ ማሰር አይፈልጉም። ፕሮፎርማው «ለ5 ቀን የሚያገለግል» ይላል እንበል። ኮሚቴው የሚሰበሰበው ሐሙስ ሐሙስ ነው፤ ቼክ የሚፈረመው ማክሰኞና ዓርብ ነው። ዓርብ የተሰበሰበ ፕሮፎርማ ሐሙስ ኮሚቴ ሲደርስ 6 ቀን ሞልቶታል። ሻጩ ዋጋ ጨምሯል፤ አዲስ ፕሮፎርማ፣ አዲስ ማወዳደሪያ፣ አዲስ ሐሙስ። ድርጅቱ «ገበያው አስቸገረን» ይላል፤ ያስቸገረው ግን ከገበያው ይልቅ የራሱ የስብሰባ ቀን ነው። የዋጋው ማሻቀብ ከውጭ ቢመጣም፣ ፕሮፎርማው እጁ ላይ የሚያረጅበት ድርጅት ኪሳራውን ሁለቴ ይከፍላል፤ አንዴ በዋጋ፣ አንዴ ፓምፑ ቆሞ በሚያልፈው ምርት።

ሳይለኩ አለመጀመር

የመጀመሪያው ሥራ ያለቁ ጉዳዮችን መከታተል ነው። ባለፉት ሦስት ወራት ከተዘጉት ውስጥ 40 ፋይል ይበቃል። መምረጥ አያስፈልግም፤ ከመዝገቡ በየአሥሩ አንድ ማውጣት ከአድልዎ ያድናል። ለእያንዳንዱ ፋይል በየጠረጴዛው የደረሰበት ቀን፣ ሥራ የተጀመረበት ቀን፣ የወጣበት ቀን፣ ተመልሶ ከሆነም ምክንያቱ ይጻፋል። ሁለት ሰው በአንድ ሳምንት ይጨርሰዋል።

እዚህ ላይ የሚያሳስቱ ነገሮች አሉ። መዝገብ ቤት የሚጽፈው ፋይሉ የተመዘገበበትን ቀን ነው፤ ፋይሉ ከዚያ በፊት ሁለት ቀን ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። የባሰው ግን «ያልተሟላ» ተብሎ የተመለሰ ጉዳይ ሲመጣ በአዲስ ቁጥር መመዝገቡ ነው። በሪፖርቱ ላይ ሁለት የተቀላጠፉ ጉዳዮች ይታያሉ፤ በተገልጋዩ ሕይወት ግን አንድ የተጓተተ ጉዳይ ነው። ሰዓቱ መቆጠር ያለበት ሰውየው መጀመሪያ ከመጣበት ቀን ነው። አማካይ ቁጥርም ይሸፍናል። 40ዎቹን ከአጭሩ እስከ ረጅሙ ደርድሮ 20ኛውንና 36ኛውን ማየት ይሻላል። 20ኛው የተለመደውን ጉዞ ያሳያል፤ 36ኛው ደግሞ ከአሥር ሰው ዘጠኙ እስከ ስንት ቀን ድረስ እንደተስተናገደ ይናገራል። ብዙ ጊዜ የሕዝብ ቅሬታ የሚመነጨው ከዚያ በኋላ ካሉት አራቱ ነው።

ፋይል መከታተል የማይቻልበት ቦታ አንድ ቀላል ስሌት አለ። ጆን ሊትል የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1961 በሒሳብ ያረጋገጡት ነው፦ በሂደቱ ውስጥ ያለውን የጉዳይ ብዛት በቀን ለሚያልቀው ብዛት ማካፈል። በየጠረጴዛውና በየመሳቢያው ያለው ተቆጥሮ 180 ፋይል ከሆነ፣ በቀን የሚዘጋው ደግሞ 12 ከሆነ፣ ዛሬ የገባ ጉዳይ በአማካይ 15 ቀን ይጠብቃል። ማንም ኃላፊ «በ5 ቀን እናስተናግዳለን» ብሎ ግድግዳ ላይ ቢለጥፍ፣ የክምሩ ቁጥር ወደ 60 እስካልወረደ ወይም የዕለቱ ምርት እስካላደገ ድረስ ሊሆን አይችልም። የዜጎች ቻርተር በሚባለው የተቋሙ የአገልግሎት ቃል ኪዳን ላይ የሚጻፉ ቀኖች ከዚህ ስሌት ጋር ሳይተያዩ መለጠፍ የለባቸውም።

ፋይል የሚያስቀምጡት ምክንያቶች

ትልቁ ምክንያት መመለስ ነው። አምስት ጠረጴዛ ባለው ሂደት እያንዳንዱ ጠረጴዛ ከ100 ጉዳይ 90ውን በትክክል አሟልቶ ቢያስተላልፍ፣ አንድም ጊዜ ሳይመለሱ የሚያልቁት 59 ያህል ብቻ ናቸው። እያንዳንዱ ሠራተኛ «እኔ ዘጠና በመቶ ጥሩ ነኝ» ቢል እውነቱን ነው፤ ተገልጋዩ ግን ከመቶ አርባ አንዱን ጊዜ «ነገ ተመለስ» ይባላል።

መፍትሔው የሚገኘው የተመለሱትን በምክንያታቸው ለሁለት ሳምንት በመቁጠር ነው። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል። ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ምክንያቶች ጎልተው ይወጣሉ። በግዥ ላይ የሚደጋገሙት የታወቁ ናቸው፦ የአቅራቢው ንግድ ፈቃድ አልታደሰም፣ ፕሮፎርማው ላይ ያለው ስም ከግብር ከፋይ ቁጥሩ ጋር አይገጥምም፣ የተጠየቀው ዕቃ ዝርዝር መግለጫ አልተሟላም። ወደ ኩሽኔታችን እንመለስና፣ ጥያቄው ላይ «የፓምፕ ኩሽኔታ 2 ፍሬ» ተብሎ ከተጻፈ ገዥው ወይ ናሙና ይዞ ይመላለሳል፣ ወይ የማይገጥም ዕቃ ይገዛል። ኩሽኔታው ላይ የተቀረጸው ቁጥር ቢጻፍ ግን ነገሩ ያልቃል። 6205 የሚል ቁጥር ያለው የውስጥ ስፋቱ 25፣ የውጭ ስፋቱ 52፣ ውፍረቱ 15 ሚሊሜትር ነው፤ ማንም መለዋወጫ ሻጭ ያውቀዋል። የቀረው ክዳኑ ጎማ ይሁን ብረት የሚለው ነው። ቅጹ ላይ «የዕቃው ቁጥር» እና «የክዳን ዓይነት» የሚሉ ሁለት ባዶ ቦታዎች መጨመር፣ ያልተሞላ ጥያቄንም ግምጃ ቤት እንዳይቀበል ማድረግ፣ ምንም ወጪ የሌለው ማሻሻያ ነው። ስሕተቱ የሚታረመው በሚወለድበት ጠረጴዛ ነው፤ ፋይናንስ ላይ ተጨማሪ ተቆጣጣሪ መመደብ ስሕተቱን ዘግይቶ ከማግኘት በቀር አይጠቅምም።

ሁለተኛው ሥራን አጠራቅሞ የመሥራት ልማድ ነው። የሳምንት አንድ ቀን ኮሚቴ ማንኛውንም ጉዳይ በአማካይ ግማሽ ሳምንት ያስቀምጣል፤ አንድ ወረቀት ከጎደለው ደግሞ ሌላ ሙሉ ሳምንት ይጨምርበታል። ያለፈውን ዓመት የግዥ ዝርዝር በዋጋ ደርድሮ የሚያይ ሰው፣ በቁጥር አብዛኞቹ ግዥዎች በገንዘብ ከጠቅላላው ጥቂቱን ብቻ እንደሚይዙ ብዙ ጊዜ ያገኘዋል። ለእነዚህ የገንዘብ ጣሪያ ወስኖ ከኮሚቴ ማውጣት፣ በተደጋጋሚ ለሚገዙት ደግሞ ከአቅራቢ ጋር የማዕቀፍ ስምምነት (ለተደጋጋሚ ግዥ አስቀድሞ የሚታሰር ውል) መፈራረም ወረፋውን ያቀለዋል። ኮሚቴውም ትልልቁን ግዥ በጥሞና ለማየት ጊዜ ያገኛል። የግል ድርጅት ጣሪያውን በራሱ ማኑዋል ይወስናል፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግን በግዥ አዋጁና በመመሪያው የተወሰነውን ነው የሚከተለው።

ሦስተኛው ብዙ ኃላፊዎች የማይቀበሉት ነው፦ ባለሙያን ያለ አንዳች ክፍተት ማስያዝ ወረፋን ይፈለፍላል። አንድ ጉዳይ በአማካይ 15 ደቂቃ የሚወስድበትና ጉዳዮች ሳይጠበቁ የሚመጡበት አንድ መስኮት አለ እንበል። ባለሙያው ከጊዜው 80 በመቶ ከተያዘ፣ በወረፋ ቀመር መሠረት ተገልጋይ በአማካይ አንድ ሰዓት ይጠብቃል። 90 በመቶ ሲሆን ጥበቃው 2 ሰዓት ከሩብ ይደርሳል፤ 95 በመቶ ሲሆን 4 ሰዓት ከ45 ደቂቃ። «ሠራተኛው ሥራ ፈትቶ አየሁት» ብሎ ሰው የሚቀንስ ኃላፊ የሚያየው ወንበሩን ነው፤ ከበሩ ውጭ ያለውን ሰልፍ አያየውም። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት መስኮቶች አንዳቸው የሌላውን ሥራ እንዲሠሩ ማሠልጠን፣ አዲስ ሰው ከመቅጠር በፊት ሊሞከር የሚገባው ነው።

ፊርማው

ፊርማ የሚበዛው በክፋት አይደለም። «ነገ ኦዲት ሲመጣ ማን ይጠየቃል?» የሚለው ፍርሃት እውነተኛ ነው፤ ሰው ብቻውን ከመጠየቅ ሌላ ሰው አብሮት እንዲፈርም ይመርጣል። ስለዚህ «ፊርማ ይቀነስ» የሚል መመሪያ ብቻውን አይሠራም። ለእያንዳንዱ ፊርማ የሚያየው ምንን እንደሆነ፣ ባለፉት ሦስት ወራት ስንት ጉዳይ ውድቅ እንዳደረገ፣ እሱ ባይኖር ስሕተቱን ማን እንደሚይዘው መጠየቅ ያስፈልጋል። ከ200 ፋይል አንዱንም ያልመለሰ አራተኛ ፊርማ ቁጥጥር አይደለም፤ መዘግየት ነው። እሱን አውጥቶ በምትኩ የውስጥ ኦዲተር ካለቁት ውስጥ በየወሩ 20 ፋይል በናሙና እንዲያይ ማድረግ ቁጥጥሩን ያጠናክረዋል። ይህ እንዲሆን ግን ኦዲተሩ ከመጀመሪያው የጥናቱ ስብሰባ ላይ መገኘት አለበት። ሲያልቅ የሚጠራ ኦዲተር ያለ ጥርጥር አንድ ፊርማ ይጨምራል።

ከዚያ ቀጥሎ ሕጉን ከልማዱ መለየት ይመጣል። እያንዳንዱን እርምጃ ወስዶ በአዋጅ የተጻፈ ነው፣ በመመሪያ የተጻፈ ነው፣ ወይስ «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምንሠራው» የሚባል ልማድ ነው ብሎ መመደብ። ተቋሙ «ሕጉ አይፈቅድም» የሚለው እርምጃ ስንቱ ልማድ ሆኖ እንደሚገኝ ያስደንቃል፤ ልማዱን በአንድ ማስታወሻ መለወጥ ይቻላል። መመሪያን ለመለወጥ ግን መንገድ አለው። በፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መሠረት፣ አንድ የፌዴራል ተቋም መመሪያ ሲያወጣ ረቂቁን ይፋ አድርጎ አስተያየት መቀበልና ፍትሕ ሚኒስቴር ማስመዝገብ ይጠበቅበታል። ይህ ወራት ሊወስድ ስለሚችል፣ መመሪያ የሚነካ ለውጥ በመጀመሪያው ዙር ዕቅድ ውስጥ ከገባ ፕሮጀክቱ ሁሉ እሱን ሲጠብቅ ይቀዘቅዛል። መጀመሪያ ልማዱን ማስተካከል፣ መመሪያውን ጎን ለጎን ማስጀመር ነው የሚያዋጣው። መሶብን የመሰለ የአንድ ማዕከል አገልግሎትም ሙሉ ጥቅሙ የሚገኘው፣ መስኮት ላይ የተቀመጠው ባለሙያ ተቀባይ ብቻ ሳይሆን ወሳኝ እንዲሆን የውሳኔ ሥልጣን ሲሰጠው ነው።

ማን ይሥራው፣ መቼ ይሞከር

ቡድኑ ከ5 እስከ 7 ሰው ቢሆን ይበቃል። ከእነሱ ውስጥ ቢያንስ ሦስቱ ሥራውን በየቀኑ የሚሠሩ መሆን አለባቸው፤ ፈጻሚው ያልተሳተፈበት ንድፍ ፈጻሚው የሚያውቃቸውን ልዩ ጉዳዮች ሁሉ ይረሳል። ከሁሉ በላይ ወሳኙ ባለቤቱ ነው። ግዥ ከጥገና ተነስቶ በግምጃ ቤት፣ በፋይናንስና በኮሚቴ ስለሚያልፍ፣ የግዥ ኃላፊው ብቻውን የፋይናንስን ቀን መለወጥ አይችልም። የሁሉም የበላይ የሆነ ሰው በሳምንት 30 ደቂቃ ሰጥቶ ቡድኑ መፍታት ያቃተውን ጉዳይ እዚያው ካልወሰነ፣ ፕሮጀክቱ በደብዳቤ ልውውጥ ይሞታል። ሠራተኛው ደግሞ ለውጡ ከሥራ ያስወጣኛል ብሎ ከፈራ ትክክለኛ ቀን አይሰጥም፤ የሚተርፈው ጊዜ ለምን እንደሚውል አስቀድሞ በጽሑፍ መንገር ያስፈልጋል።

ሙከራው በአንድ ክፍል ለስድስት ሳምንት ይሁን፤ የቀረው በድሮው መንገድ ይቀጥል፣ ለማነጻጸርም ይጠቅማል። ወሩን መምረጥ ቀላል ነገር አይደለም። በመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ ላይ የተሞከረ የግዥ ማሻሻያ የመዝጊያ ጥድፊያውን ነው የሚለካው፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ አዲሱ በጀት ገና እየተለቀቀ ነው። ጥቅምትና ኅዳር፣ ወይም የካቲትና መጋቢት ይሻላሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከድሮው የባሰ ቁጥር ቢያሳዩ መደናገጥ አይገባም፤ ሰው አዲሱን ቅጽ እየለመደ ነው። ከቀኖቹ ጎን ጥራትን የሚጠብቅ አንድ ቁጥርም ይያዝ፤ ለምሳሌ የተገዛው ዕቃ ሳይገጥም የተመለሰበት ጊዜ ወይም በናሙና የተገኘ የሰነድ ጉድለት። ቀን ቀንሶ ስሕተት የጨመረ ማሻሻያ ተቀባይነት የለውም።

ሶፍትዌር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቅጹ ሳይስተካከልና ትርፍ ፊርማው ሳይወጣ ሶፍትዌር የገዛ ተቋም፣ የነበሩትን ፊርማዎች ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ ያስገባቸዋል፤ ወረቀት ላይ በማስታወሻ ይወጣ የነበረው ፊርማ አሁን ለአቅራቢው ተጨማሪ ክፍያ ካልተከፈለ አይወጣም።

ከስድስት ወር በኋላ ምን እንደሚሆን ከወዲሁ መታሰብ አለበት። የእኛ ተቋማት ማሻሻያ በብዛት የሚጠፋው በሹም ሽር ነው፤ ለውጡን የደገፈው ኃላፊ ይዛወራል፣ አዲሱ መጥቶ «ሁሉም በእኔ በኩል ይለፍ» ይላል። ለዚህ የሚረዳው ለውጡን ከሰውየው አውጥቶ ሰነድ ውስጥ ማስገባት ነው፦ በአሠራር ማኑዋሉ፣ በሥራ መዘርዝሩ፣ በየሳምንቱ በሚለጠፍ አንድ ገጽ ላይ። ገጹ ሦስት ቁጥር ብቻ ይያዝ፤ በሳምንቱ የገባ፣ በሳምንቱ ያለቀ፣ ከ10 ቀን በላይ ያደረ። የመወሰን ሥልጣን የሚሰጠው የውክልና ደብዳቤ ደግሞ በሰው ስም አይጻፍ፤ በሥራ መደቡ ስም ይጻፍና ቅጂው ለፋይናንስ፣ ለውስጥ ኦዲትና ለመዝገብ ቤት ይድረስ።